ቋጠሮ የሌለው ማሰሪያ

ዱባለ ቡታጅራ ገበያ ዳር ባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ሃያ ስድስት ዓመት ጭነት ሲያስር ኖሯል። ጫኞቹ ዕቃውን ካሶኒው ላይ ደርድረው ሲወርዱ እሱ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል። ያጠላልፋል፣ በጉልበቱ ተደግፎ ይስባል፣ ይቋጥራል። ሲጨርስ ገመዱን በጣቱ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ድምፁ ደስ ካለው ሾፌሩን "ሂድ!" ይለዋል። ከዚያ ወዲያ መኪናው የት እንደደረሰ፣ ዕቃው እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ደህና ደረሰ ብሎ ተመልሶ የሚነግረው ሰው የለም። የሚመጣው ዕቃ የተሰበረበት ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ትርሲት አይሱዙዋን አቆመችና ጡብ ጡብ የሚያካክሉ አራት የብረት ሳጥኖች ከጋቢና አወጣች። ትርሲት መኪናውን ራሷ ገዝታ ራሷ የምትነዳ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የሶዶ ልጅ ናት። የጫነችው አረቅጥ ላይ በማኅበር የተደራጁ ሴቶች የገዙትን የእህል ወፍጮ ነበር።

"ጋሽ ዱባለ፣ ዛሬ ገመዱን ይተዉት። በዚህ ነው የምናስረው" አለችው።

አንዱን ሳጥን ተቀበላት። በአንድ በኩል መንጠቆ አለው፤ በሌላ በኩል የሰፊ ቀበቶ ጫፍ ብቅ ብሏል። እንዳሳየችው ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ሲስበው ቀበቶው መጣ፣ መጣ፣ አያልቅም። ጫፉን ሲለቀው ሳጥኑ ሽር አድርጎ መልሶ ዋጠው። ዱባለ ሳጥኑን ገልብጦ ከሥሩ አየ።

"የት ገባ?"

"እውስጡ ተጠቀለለ።"

"ማን ጠቀለለው?"

ትርሲት ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ቀበቶውን በወፍጮው ላይ አሳለፈና እጁ እንደለመደው ሊቋጥር ጀመረ።

"ኧረ አይቋጠርም! ቀበቶ ከተቋጠረ አቅሙ ይደክማል።"

"ካልተቋጠረ ምን ይዞት ይቆያል?"

"የሳጥኑ ጥርስ። እጀታውን ከፍ ዝቅ ያድርጉት።"

እጀታውን ቀጭ ቀጭ አደረገው፤ ቀበቶው ተወጠረ። በጣቱ መታው። ድምፅ የለውም። መቼ በቃ እንደሚባል ስለጠፋው ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። የወፍጮው ቆርቆሮ ጎበጥ ሲል ትርሲት እጁን ያዘችው። መንጠቆውን በካሶኒው ጎን ባለው ስፖንዳ ላይ ሰክቶት ስለነበር ያንንም አስነቀለችው፤ ስፖንዳ ይገነጠላል፣ ወለሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ይሁን አለች። ዱባለ ትናንት የመጣ ጀማሪ የሆነ መሰለው። አንድ ነገር ብቻ ሳትነግረው አደረገ። ቀበቶው በወፍጮው ስለታም ጠርዝ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ጆንያ አጣጥፎ ከሥሩ አስገባ።

"ይሄ ጠርዝ ይበጥሰዋል" አላት።

"እሱን አላሰብኩትም ነበር" አለች ትርሲት።

አስሮ ጨርሶ ሊወርድ ሲል "አብረውኝ ይሂዱ እንጂ" አለችው።

"እኔ? ታስሮ ያለቀውን ጭነት ምን ላደርገው?"

"መንገድ ላይ ያዩታል።"

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ካሰረው ጭነት ጋር ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ሽቅብ እንደተጓዙ ትርሲት ዳር ይዛ ቆመች። ዱባለ ካሶኒው ላይ ወጥቶ ቀበቶውን ነካው። ላልቷል።

"ይኸው! ሳጥንሽ ከዳን!"

"ሳጥኑ አልከዳም፣ ጋሽ ዱባለ። መኪናው ሲንገጫገጭ ወፍጮው ራሱ ቦታ ቦታውን ያዘ። ጭነት ሁሌም እንዲህ ነው፤ ትንሽ ሄዶ ቆሞ ማጥበቅ ነው።"

"በገመድ የታሰረውም ይላላል?"

"ገመድማ ይብሳል፤ ራሱም ይረዝማል።"

"ቋጠሮው ሳይፈታ?"

"ሳይፈታ።"

ዱባለ እጀታውን እንደያዘ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለአንዲት ሙሽራ የተገዛ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አስሮ ወደ ጥያ ልኮ ነበር። ሾፌሩ ወዳጁ ሸምሶ ነው። ቁም ሳጥኑ መንገድ ላይ ወድቆ ደቀቀ። ሸምሶ "አላሰርከውም" አለ። ዱባለ እንደተቋጠረ የተመለሰውን ገመድ በሰው ፊት ከፍ አድርጎ "አንተ ነህ እንደ እብድ የነዳኸው!" አለው። የመኪናው ባለቤት ሸምሶን ከሥራ አስወጣው፤ ሁለቱም ከዚያ ቀን ወዲህ ሲተላለፉ አይተያዩም። ቋጠሮው ሳይፈታ ዕቃው እንዴት ሊወድቅ እንደቻለ ግን ዱባለ አንድም ቀን ገብቶት አያውቅም ነበር። አሁን ገባኝ ሊል ሲል ደግሞ የገባው ነገር አስፈራው። እስከዛሬ ያሰረው ሁሉ እንዲህ እየላላ ነበር የሚሄደው?

ቀበቶውን አጥብቆ ጉዞ ቀጠሉ፤ አረቅጥ ሲደርሱ ወፍጮው ጭረት አልነካውም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ፍቅርአዲስ የዱባለን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችው። እንዲህ ተመስግኖ ስለማያውቅ "እንኳን ደስ አለሽ" አላትና የሠርግ አጃቢ የሆነ መሰለው።

በማግስቱ ዱባለ፣ ሸምሶ ከሥራ ከወጣ ወዲህ ጎማ ወደሚጠግንበት ቤት ሄደ። ሸምሶ ጎማ ከቸርኬ ያላቅቅ ነበር፤ ቀና ብሎ አየውና ሥራውን ቀጠለ።

"ሸምሶ፣ የዚያን ጊዜ ቋጠሮው አልተፈታም ነበር።"

"ዘጠኝ ዓመት ቆይተህ ይሄንን ልትደግምልኝ መጣህ?"

"አልተፈታም፤ ግን ላልቶ ነበር። ጭነት እየሄደ እንደሚላላ አላውቅም ነበር።"

ሸምሶ ጎማ የሚያላቅቅበትን ፌሮ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እኔ አውቅ ነበር" አለ ዝግ ብሎ። "ሥራ ያስለመደኝ ሰውዬ 'ትንሽ ሂድና ውረድ፣ እየው' ይለኝ ነበር። ያን ቀን ዶፍ ይጥላል። አልወረድኩም።"

ዱባለ ግራ ገባው። ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ጥፋቱን የሚያምን ሰው ገጠመው። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው የት እንደገባ አጣው።

"ታዲያ ጥፋቱ የማናችን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ" አለ ሸምሶ። "ይልቅ ያንን ጎማ ያዝልኝ።"

ያዘለት። ብዙም ሳያወሩ ሦስት ጎማ ጨረሱ። ዱባለ እጁን ታጥቦ ሲወጣ መታረቅ አለመታረቃቸው አልተለየለትም። ሸምሶም "ነገ ና" አላለውም፤ "አትምጣ"ም አላለውም። በነጋታው ግን ምሳ ሰዓት ላይ እግሩ ራሱ ወደዚያው ወሰደው።