ታግሎ የገባው ብሎን

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሰብለ ጣና ዳር በተከራየቻት ክፍል የሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ እያደራጀች ነበርና «ጋሼ፣ እስቲ ይምጡና ይመርቁልኝ» አለችኝ። ለምርቃት የተጠራ ሽማግሌ አርፎ መመረቅ ነበረበት። እኔ ግን መሣሪያዎቿን የምትደረድርበትን የብረት ማቆሚያ፣ ራክ የሚሉትን፣ ዞሬ ዞሬ ፈተሽሁት። በየቀዳዳው የሰካቻቸውን የብሎን መያዣ ዳዶዎች በጣቴ ብነካቸው ሁሉም ይነቃነቃሉ።

«ይሄ ነገር ልቅ ነው» አልኋት።

«መነቃነቅ አለበት ጋሼ። ብሎኑ መግቢያውን እስኪያገኝ ነው እንጂ ሲጠብቅ ይቆማል።»

አላመንኋትም። አንዱን ብሎን አንስቼ በቀሩኝ ጥርሶች ነከስሁት። ምን እንደማጣራ እኔም አላውቅም። ሰብለ ሳቀች፤ እኔ ግን ዘጌ ትዝ አለኝ።

ጎረምሳ ሳለሁ ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግ የሚያጫውት ባንድ ነበረን። ድምፄ ፍየል ያስደነብራል፤ ጣቴም ለክራር አይታዘዝም። ሆዴ እንዳይከፋው ብለው መሰለኝ «የዕቃ ኃላፊ» አሉኝ። ሹመት ሰው ያበላሻል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን ለማበላሸት ያቺው በቃች። ማን ገመድ ሊሰርቅ፣ ማን ቦታዬን ሊነጥቅ እንዳሰበ ሳሰላስል እውል ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው ሞላን ነው፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹን፣ የልብ ጓደኛዬን። ጥፋቱ መሣሪያ መጠገን ማወቁ ነበር።

አምፕሊፋየራችን አንድ ብቻ ነው። ከነራኩ ከውጭ አገር የመጣ፣ ሁለት ሰው የሚያንገዳግድ ከባድ። እሱ ከሌለ ባንድ የለም። በጥር ወር ዘጌ ሠርግ ተጠራን። ከመሄዳችን በፊት ከራኩ ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ማርጀታቸውን አየሁና አንዱን ነቅዬ ወደ ሐጂ ሰይድ የብረታ ብረት ሱቅ ሄድሁ።

«ልጄ፣ ራኩን አምጣልኝ» አሉኝ። «ቀዳዳውን ሳላይ ብሎን አልመርጥም። የፈረንጅ ብሎን ጥርሱ ብዙ ዓይነት ነው።»

የእህታቸው ልጅ በሌላ ባንድ ይጫወታል። አሃ! ዕቃችንን ሊሰልሉ ነው፣ አልሁ በሆዴ።

«ሐጂ፣ ራኩ ከባድ ነው። እንዲሁ ይስጡኝ።»

ትክ ብለው አዩኝና ሁለት ዓይነት አወጡ፤ አራት አዲስ የሚያብረቀርቁ፣ አራት ደግሞ ከአሮጌ መኪና የተፈቱ፣ ግራሶ የጠጡ። «ሁለቱንም ሞክር። በጣትህ እስከ መጨረሻው የሚገባልህ እሱ ነው ያንተ። የሚታገልህን መልስልኝ።»

ቤት ገብቼ ሞከርሁ። አሮጌው በጣት ብቻ እየተሽከረከረ እስከ አንገቱ ገባ። እንዲህ ያለ ቅለት ደግሞ ያስጠረጥራል፤ በቀላሉ የገባ በቀላሉ ይወጣል ብዬ ፈረድሁበት። አዲሱ ግን ሁለቴ ዞሮ ነከሰ። በካቻቢቴ ታግዬ፣ በፒንሳ ጠምዝዤ፣ እያንጫረርሁ አራቱንም አስገባሁ። ላቤ ጠብ ሲል «ይሄ ነው ብሎን!» አልሁ። ጥርሱን እየላጥሁት መሆኑን ማን ይንገረኝ? ሐጂ ነግረውኝ ነበር እንጂ።

ወደ ዘጌ የወሰደችን ጀልባ ሞተሯ አንጀት ያርገፈግፋል፤ ቤንዚኑና የያዝነው የተጠበሰ ዓሣ አንድ ላይ ይሸታሉ። ሌሎቹ ከፊት ተቀምጠው ያወራሉ። ዘወር ብል ሞላ ከኋላ ራኩ ላይ አጎንብሶ ገመድ ያዞራል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ብሎንህ እየወጣ ነው እኮ። ልሰረው።»

«እጅህን አንሳ! ቦታዬን ፈልገህ አይደል?»

«ወይ አንተ ሰው! የብሎን ሹመት ምን ያደርግልኛል?»

ጀልባ ነጂው ሳቀብኝ። ሳቁ ነው መሰለኝ ያከረረኝ፤ ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁት።

ዘጌ ደርሰን ራኩን ለሁለት አንስተን ከጀልባዋ ወደ ዳሩ ድንጋይ ስናሻግር ዘንበል አለ። አምፕሊፋየሩ ሾልኮ ወጣና ጣና ውስጥ ገባ። ጥቂት አረፋ፣ ከዚያ ዝም። ከቡናው ጫካ ውስጥ የሠርገኛው እልልታ ይሰማል።

የባንዱ አለቃ ጋሽ ደሴ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ማነው የነካካው?» አሉ።

አንዱ ብሎን እግሬ ሥር ወድቋል። አነሣሁት። ጥርሱ ተልጦ እንደ ሚስማር ለስልሷል። ሁሉም ነገር ያኔውኑ ገባኝ። አፌ ግን «ሞላ ሲነካካው አይቻለሁ» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ከውሸት የከፋ ነበር።

ሞላ አንድ ጊዜ አየኝ። ገመዱን ማን እንደፈታው መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ጀልባ ነጂውም ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱን የጠየቀው ሰው የለም። ሞላ ጊታሩን አንግቶ በዚያችው ጀልባ ተመለሰ፤ ዳግመኛም ከእኛ ጋር አልተጫወተም። እኛ በባዶ ጉሮሮ ዘፈንን፤ ሰው ጠፍቶ እኔ እንኳ ዘፈንሁ። ሙሽሪት አለቀሰች። የሠርግ ልቅሶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ይህን ሁሉ አውርቼላት ስጨርስ ሰብለ ካቻቢቴዋን አስቀምጣ «ሞላስ?» አለችኝ።

ሞላማ ዱርቤቴ ከተማ ራዲዮ ሲጠግን አረጀ። በገበያ ቀን ስንገናኝ አገላብጦ ይስመኛል፤ ስለ ወገቤ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ስለ ዘጌ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። እኔም ስንለያይ ዞር ብዬ አየዋለሁ፤ ምን ይዞብኝ ይሆን እያልሁ። ድሮ ይቅር ብሎኝም ይሆናል። በዕድሜዬ ያልጠረጠርሁት ነገር የለም፤ ይቅር ብሎኛል የምትለዋን አንዷን ግን ለመጠርጠር አልደፈርሁም። ከጠረጠርሁማ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነበር ብዬ ልነግረው ነዋ።