የፈረስ ሽታ ነው ያለው ሰው

የበደለኝ የወተት ማቀዝቀዣ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ጊዜውም የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሁዳዴ። በጾም ወተት የሚጠጣ ስለማይገኝ የዳንግላ አካባቢ ወተት ሁሉ ወደኛ ይመጣል፤ ማሽኑም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ማሽኑን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የሚያቀዘቅዘው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ነው፤ ካመለጠ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ደግነቱ ውኃ ይወዳል፤ እንደ ጉም የደቀቀ ውኃ ከረጩበት ውኃው ከአየር ላይ ለቅሞ ያወርደዋል። ለዚሁ ሲባል ማሽን ቤቱ በር ላይ መርጫ የተገጠመለት ቱቦ ነበረኝ።

ነበረኝ። እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ሥራ አስኪያጃችንን የግቢው አቧራ አሳሰበው። ቱቦዬን አስወስዶ ለአቧራ ማርጠቢያ ዋናው በር ላይ አስገጠመው።

«ጋዝ ቢያመልጥስ?» አልኩት።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! እስከ ዛሬ አምልጦ ያውቃል?»

«አቧራስ እንግዳ ገድሎ ያውቃል?»

ሳቀ። የተማረ ሰው ስለሆነ መልስ ሲያጣ ይስቃል።

እንግዶቹ በመጡበት ጠዋት አንድ የቧንቧ መጋጠሚያ ለቀቀ። አሞኒያ ሽታው የፈረስ ሽንት ይመስላል፤ ዋናው በር ላይ ደግሞ ወተት ያመጡ የፈረስ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ሥራ አስኪያጁ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ «እነዚህን ፈረሶች ከዚህ አርቁልኝ፣ አዋረዳችሁን እኮ!» ብሎ ጮኸ። ጋሪ ነጂዎቹ ታዛዦች ናቸውና ፈረሶቻቸውን እየሳቡ ወደ ማሽን ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ነፋሱ ጋዙን የሚወስደው ልክ ወደዚያ ነበር።

ወደ ዋናው በር ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ቱቦውን ከነመርጫው ጎትቼ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ በጋዙና በሰዎቹ መካከል ውኃውን እንደ መጋረጃ ዘረጋሁት። መካኒኩ ጭምብሉን አጥልቆ ቫልቩን እስኪዘጋ ድረስ አልለቀቅኩም። ጋሪ ነጂዎቹ እያሳሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ፤ አንድም የቀረ የለም። መንገዴ ላይ የተገተረ አንድ እንግዳ ሱፉ ራሰ።

ሥራ አስኪያጁ በሪፖርቱ ላይ በፈረስ ሽታ የደነገጠች ሠራተኛ እንግዳ አራሰች ብሎ ጻፈ። ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ።

ይህን የሰማ አንድ ጋሪ ነጂ፣ «እትዬ፣ የፈረሴም ስም ጠፍቷል፤ እሱም ይቅርታ ይጠየቅ እንጂ!» አለኝ።

ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ተቀበልኩ። በማግስቱ ቱቦውን ወደ ቦታው መለስኩት። ጋሪ ነጂዎቹንም ሰብስቤ ነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ማየትና መርጫ መያዝ አስተማርኳቸው። ሥራ አስኪያጁን አልጠራሁትም።