ግድግዳዬ ላይ ያለችው ሴት፦ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ

የዚህ ጉዞ ሰዎች እነዚህ ናቸው። እኔ ታደሰ፣ ፊደልን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ የተማርኩ ጡረተኛ መካኒክ። ልጄ ማህሌት፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ቅዳሜዋን የሰጠችኝ። ጌታቸው፣ የአክስቴ ልጅ፣ የሜትር ታክሲ ሹፌር። እቴቴ ወይንሸት፣ የጌታቸው እናትና የእኔ አሳዳጊ፣ ካረፈች ዓመት ሊሞላት የተቃረበ። የእሷ እህት፣ እናቴ አስካለ፣ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች መልኳን የማላስታውሳት። በመጨረሻም እማማ ብርቄ፣ የእህትማማቾቹ የድሮ ጎረቤት፤ ሁለቱን በወጣትነታቸው ከሚያውቁ ሰዎች የቀሩን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሳሎኔ ውስጥ የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶ ተሰቅሏል። ልጅ ሳለሁ እቴቴ “እናትህ ናት” ብላ የሰጠችኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ጌታቸው ከእናቱ ሻንጣ ያገኘውን የድሮ መታወቂያ ይዞ መጣና ከፎቶው ጎን አስጠግቶ “ይቺማ የእኔ እናት ናት” አለ። የመታወቂያውን ግማሽ ፊት ማኅተም ሸፍኖታል። እህትማማቾች ይመሳሰላሉ ብዬ ተከራከርኩ። ስላልተስማማን እማማ ብርቄ ዘንድ ለመሄድ ቆረጥን።

ገርጂ፣ ገና ሲነጋ

ጌታቸው በራችን ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ጎረቤት እንዳይረብሽ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ፎቶውን ከነፍሬሙ በፎጣ ጠቅልዬ ገባሁ።

“ጋሼ ታደሰ፣ ሜትሩን ላብራው?”

“እቴቴ ትስማህ!”

“ትሰማኛለች እንጂ። በፎጣ ጠቅልለህ ጭነሃት የለ?”

ማህሌት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

መንገዱ ገና ባዶ ነው። ዳቦ የታቀፉ ሴቶች፣ በር የሚከፍቱ ዘበኞች፣ “መገናኛ! መገናኛ!” የሚል አንድ ወያላ። ልጄን መምከር ጀመርኩ። ስልክሽ ውስጥ ስንት ሺህ ፎቶ አለ፣ የሰዎቹን ስም የጻፍሽበት ግን አንድም የለም፤ ነገ ልጆችሽ እንደኛ ይጣላሉ አልኳት።

“አባዬ፣ ስልኩ ራሱ ሰው ይለያል እኮ።”

“እስኪ ይቺን ይለይ።”

ፎጣውን ገልጣ አነሳቻት። ስልኩም ትንሽ አሰበና “ይህች አንቺ ነሽ?” ብሎ ማህሌትን ጠየቃት። ጌታቸው በመስታወቱ አየን። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

አትላስ፣ ቁርስ ላይ

ፎቶውን ለእማማ ብርቄ ዓይን የምናስጎላበት የወሎ ሰፈሩ ፎቶ ቤት እስኪከፈት ፉል አዘዝን። ፉሉ ደህና ነው፣ ዋጋው ግን ያሳፍራል። የበላንበት ሆቴል ጀርባ የልጅነት ቤታችን ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ስለሚያፈስ እቴቴ እኔንና ጌታቸውን ደረቁ ጥግ አስተኝታ እሷ ጠብታው ሥር ከደረደረቻቸው ሳህኖች ጋር ታድር ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የመኪና ማቆሚያ አለ። ጌታቸው እዚያው አቁሞ ሃያ ብር ከፈለ።

“የእናቴ የወጣትነት ፎቶ የለኝም” አለኝ ዳቦውን እየቆረሰ። “የሙት ዓመቷ ቀን ምን ልስቀል? ታማ የተነሳችውን?”

“ይቺን ከወሰድክ እኔ እናት የምለው ፊት የለኝም” አልኩት።

ሻያችን ቀዘቀዘ።

ወሎ ሰፈር፣ ረፋድ

ጋራዦቹ ተከፍተዋል። የሠራሁበት ጋራዥ ደጃፍ ላይ ያው የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ተቀበለን። ከዚያ በፊት ፍሬሙን ፈትቼው አላውቅም። በገዛ ብሎን መፍቻዬ ፈታሁት።

የፎቶው ሦስት ጠርዝ እንደ ድሮ ፎቶዎች ጥርስ ጥርስ አለው። አራተኛው ጠርዝ ግን ልሙጥ ነው፤ በመቀስ ተቆርጧል። ፍሬሙ ደብቆት በኖረው ዳር፣ የሴትየዋ ትከሻ ላይ፣ የሌላ ሰው አራት ጣቶች አርፈዋል።

“አባዬ፣ ሰው ነበር!” አለች ማህሌት።

“ፋዘር፣ ችግር የለም፣ የጎደለውን ሰው ኮምፒውተሩ ይሞላዋል” አለ ጎረምሳው። “አምስት ደቂቃ ነው።”

“ያልነበረ ፊት ፈጥረህ ዘመድ ልታደርግልኝ ነው? ተው፣ እንዲህ ያለ ሥራ አትልመድ” ብዬው ወጣን።

ሲኤምሲ፣ ቀትር ላይ

ብርቱካን ገዝተን እማማ ብርቄ ከልጃቸው ጋር ወደሚኖሩበት ግቢ ደረስን። ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አገላብጠው ሳሙን። ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት።

“ወይንሸት ናታ!”

ጌታቸው አፉን በእጁ ያዘ። እኔ “እማማ፣ እህትማማቾች እኮ ናቸው፣ እስኪ ደግመው ይዩት” አልኩ።

“ዓይኔ ቢደክም ወይንሸት ትጠፋኛለች? ይልቅ ግማሹን የት አደረጋችሁት?”

ምራታቸው አልበም አመጣች። ፎቶው እዚያ ሙሉውን ነበር። እቴቴ በቀኝ፣ በግራ ደግሞ እጇን ትከሻዋ ላይ ያሳረፈች ቀጭን ሴት። ይቺኛዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ጥለቱ ወደ ታች መሆኑ ቀርቶ አንገቷ ሥር ነው፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው።

“ይህችት አስካለ” አሉ። “አባትህ የሞተ አንተ በሆዷ ሳለህ ነው። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ሁላችን ከል አወለቅን፤ ወይንሸትም ይኸው ነጠላዋን መልሳ ለብሳለች። እናትህ ግን አሻፈረኝ አለች። እንደዘቀዘቀች ፎቶ ቤት ገባች።”

“ታዲያ ለምን ተቆረጠ?”

“በአንተ ነዋ! ልጆች ‘እናት የለህም’ ቢሉህ እያለቀስክ መጣህ። የሐዘን ፎቶ ለሕፃን ይሰጣል እንዴ? ወይንሸት የራሷን ወገን ቆርጣ ሰጠችህ። ‘እናቴ ናት?’ ስትላት አዎ አለችህ። ምን ትበል?”

በቤቴ ውሸት አይነገርም እያልኩ ልጆቼን የቀጣሁ ሰው ነኝ። ያ ነገር ውሸት ነበር፤ ስሙን አልቀይርለትም። የዋሸችኝ ደግሞ ከሳህኖቹ ጋር እያደረች ያሳደገችኝ ሴት ናት። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ እስካሁን አላወቅኩም። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው የእናቴን ፊት ገና ማየቴ ነው። ግንባሯ ሰፊ ነው። አልሳቀችም።

ማህሌት በስልኳ አንስታ አጎላችው። “እማማ፣ ደረቷ ላይ የተጠላለፈው ምንድን ነው?”

“የአንቀልባው ጠፍር ነዋ! አባትሽ ጀርባዋ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ‘ልጁን አውርጂው’ ቢላት፣ ‘ተኝቷል፣ አትቀስቅስብኝ’ አለችው።”

ጌታቸው ተነስቶ ከኋላዬ ቆመና ትከሻዬን ያዘ። እኔም እጁን ከትከሻዬ አላወረድኩም።

ወሎ ሰፈር፣ ከሰዓት

እማማ ብርቄ ፎቶውን አልሰጡንም። “በእኔ ፍራንክ የታጠበ ነው” አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ማህሌት ያነሳችውን ይዘን ተመለስን። ጎረምሳው ስክሪኑ ላይ አየና “ለየብቻ ላውጣቸው? አንድ አንድ ይደርሳችኋል” አለን።

“እንዳትቆርጥ!” ብለን ሁለታችንም ጮኽንበት።

ሙሉውን በሁለት ትልልቅ ቅጂ አሳተምን፣ አንዱ ለጌታቸው ቤት፣ አንዱ ለእኔ። ከኋላቸው ስማቸውን በእጄ ጻፍኩ፦ ወይንሸት፣ አስካለ፣ ታደሰ ተኝቶ። ነዳጁንና የመኪና ማቆሚያውን ጌታቸው ቻለ፣ ዘጠኝ መቶ ብር። ቁርሱና ብርቱካኑ በእኔ ነበር፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ። ህትመቱን ከነፍሬሙ ማህሌት ከፈለች፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ለሁላችንም በድምሩ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ወጣ።