ጋቢዬን ያቃጠልኩበት የገና ዋዜማ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከሱዳን አትላንታ ገብቼ ሁለተኛው ዊንተር ነበር፤ ቀኑ የእኛ ገና ዋዜማ። እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን ቀን ግን ብርድ በመጣና ከቤት በወጣሁ ቁጥር አስታውሳታለሁ።

ያኔ ከጓደኛዬ ከተካ ጋር ኢስት ፖይንት አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን። እሱ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ እኔ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ለገና በግ ይታረድ ተባባልን። ተካ የሱቅ ሥጋ አይበላም፤ ማን እንዳረደው ስለማይታወቅ በስመ አብ ተብሎ ሲባረክ በዓይኑ ማየት አለበት። አፓርትመንት ውስጥ እንዳናርድ ደግሞ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል። ስለዚህ ሰሜን ጆርጂያ፣ ኮረብታዎቹ ውስጥ ከሚኖር በግ አርቢ ገዝተን እዚያው አረድን። ተካ ያዘ፣ እኔ ባረክኩ። ሥጋውን ትራንክ ውስጥ ጭነን ወደ ከተማ ተመለስን።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ጀመረ። ዝናቡ አስፋልቱን ሲነካ ወዲያው በረዶ ይሆናል።

«ቀስ በል እንጂ» አለኝ ተካ።

«በቀን ስንት መኪና እንደምነዳ ታውቃለህ?»

«ከአጥር እስከ አጥር! እሱም መንዳት ሆነና!»

ልመልስለት አፌን ስከፍት መኪናው ተንሸራተተ። እኔም እንደ ጎበዝ ሾፌር ብሬኩን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። በረዶ ላይ ብሬክ እንደማይረገጥ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። መኪናችን ሁለቴ ዞራ ቦይ ውስጥ ገባችና ከጥድ ዛፍ ጋር ተላተመች። እኔን ምንም አልነካኝም። በተካ በኩል ያለው በር ግን ተጨፍልቆ እግሩን ያዘው። ብጎትተው ጮኸ። መስኮቱ ረግፎ በረዶው ጭኑ ላይ ይዘንባል።

ኮቴን አውልቄ አለበስኩትና እኔ ከኋላ ወንበር ጋቢዬን አንስቼ ተከናነብኩ። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ነው። ድንበር ስሻገር ከላዬ ላይ ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

«ቶሎ ና፤ የእግሬ ጣቶች አይሰሙኝም» አለ።

«ከራበህ ትራንኩ ውስጥ ሥጋ አለ።»

«ጾም ነው፤ አንተ አረመኔ!»

እየሳቀ ነው ያለው። ጥርሱ ግን ይንገጫገጫል።

መንገዱን ይዤ ወጣሁ። በረዶ የከበደው የጥድ ቅርንጫፍ በግራም በቀኝም እየተሰበረ ጫካው ሁሉ ጠመንጃ የሚተኮስበት ይመስላል። እየወደቅኩ እየተነሳሁ አንድ ቤት ደረስኩ። በሩ ላይ የገና አበባ ጉንጉን ተሰቅሏል፤ ባለቀለም መብራቱም ገና አልወረደም። አንኳኳሁ። አንድ ነጭ ሰውዬ ከፈተ። ጋቢውን ከፊቴ ገለጥ አድርጌ ጓደኛዬ ሊሞት ነው አልኩት።

ሰውዬው ፊቴን አየ፤ ጋቢዬን አየ፤ ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። «የአንተን ቢጤ በዚህ ልብስ አየሁ ብል ማን ያምነኛል?» አለና እንባው እስኪመጣ ስቆ በሩን ዘጋው። ደግሜ ባንኳኳ ሬዲዮ ከፍ አደረጉብኝ። የሳቁብኝ ጫፉን የበግ ደም ስለነካው መስሎኝ በበረዶ አሸት አሸት አደረግኩት። ይታያችሁ፣ ሰው እየሞተብኝ እኔ ልብስ አጥባለሁ!

ቀጥሎ ያለው ቤት ከመንገዱ ገባ ያለ ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። ብርዱ ስለበረታ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ወደ በሩ አቀናሁ። አንድ ነገር ጧ! አለ። ቅርንጫፍ ነው ብዬ እርምጃዬን ቀጠልኩ። ሁለተኛው ጧ! ሲል አጠገቤ ያለው የአጥር እንጨት ተፈረካከሰ። በግንባሬ ተደፋሁ፤ ጋቢው ከላዬ ወደቀ።

ከበሩ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ደግኖ ወጣ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ፊቴን ሲያይ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ማነህ? ይህን ልብስ ማን አለበሰህ?»

ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ በዚያ አገር ጥቁር ሰው እያደኑ ይገድሉ ስለነበሩ ሰዎች እስከዚያን ጊዜ አልሰማሁም ነበር። እሱ ነገረኝ። «አባቴን የወሰዱት ከዚህ በር ላይ ነው» አለ። በተከፈተው በር ሚስቱን አየኋት። ወጥ ቤት ጥግ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ጋቢዬን ታያለች፤ እኔ ስነቃነቅ ወደ ግድግዳው ትሸሻለች።

ስለ ተካ ነገርኩት። ትራክተር እንዳለው በጣቱ አሳየኝ። ወዲያው ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለውን የቆሻሻ ማቃጠያ በርሜል አሳየኝ።

«መጀመሪያ ያንን ታቃጥላለህ።»

«እናቴ ናት የፈተለችው» አልኩት።

«የእኔም እናት በዚያ መስኮት ቆማ ታይ ነበር።»

«እጥለዋለሁ። እቀብረዋለሁ። ጓደኛዬ እየሞተ ነው!»

«እንግዲያው ፍጠን» አለኝ።

በገዛ እጄ ከተትኩት። እርጥብ ስለነበር እሳት እምቢ አለ። ሽማግሌው ላምባ አፈሰሰበትና ክብሪቱን ለእኔ ሰጠኝ። የሚጨስበት ጊዜ ረዘመብኝ፤ ሽማግሌው ግን ጥለቱ አመድ እስኪሆን ከበርሜሉ አጠገብ አልነቃነቅ አለ። ለተካም ለጋቢዬም አንድ ላይ አለቀስኩ፤ እንባዬ የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ትራክተሩ ሲነሳ ሴትዮዋ ወጣች። ከላይ የለበሰችውን ሮዝ አበባ ያለበት ኮት አውልቃ አለበሰችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ተካ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ተከድኖ ነው የደረስንለት። ሽማግሌው በሩን በሰንሰለት ጎትቶ ሲገነጥለው ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሰው ጥራ ብልህ ሙሽራ ሆነህ መጣህ?» አለ በደከመ ድምፅ። ከዚያ «ጋቢህስ?»

«አረጀ» አልኩት።

ሆስፒታል የቀኝ እግሩን ሦስት ጣቶች ቆረጡለት። ስንለያይ ለሽማግሌው ከበጉ አንድ ወርች ልሰጠው ስል አልተቀበለኝም፤ ኮቱንም «ይዘኸው ሂድ፣ ወደዚህ አትመለስ» አለኝ። አልተመለስኩም።

ዛሬ አትላንታ አጠገብ፣ ስኔልቪል ነው የምኖረው። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ጋቢ ያስመጡልኛል፤ ቤት ውስጥ እንደ መምህር ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ ግን ሶፋው ላይ እጥለውና ያንን የሴት ኮት እደርባለሁ። አዝራሮቹ ረግፈዋል፤ አበባው ደብዝዟል፤ ሆዴም አይገባበትም። ልጆቼ ያፍሩብኛል፤ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል።

ሽማግሌውን ይቅር ብለኸዋል ወይ ብትሉኝ፣ ስለ ጋቢው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሚስቱ ግን ሌላ ነገር ናት። እኔ በዕድሜዬ ማንም ሴት ፈርታኝ አታውቅም፤ የገዛ ሚስቴ እንኳ። የፈራችኝ ያቺ ብቻ ናት፤ የምትፈራኝ ሁለተኛ ሴት እንድትኖር አልፈልግም።