መርፌና ሹፌሩ ቤታቸውን ሸጠው ሄዱ

ሰፈሩ «መርፌ» የሚላት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አልነበረም፤ ምላሷም ይወጋ ነበር። ሥራዋ የመኪና ወንበር ሽፋን መስፋት ነው። ሱቋ ከጋራዡ አጥር ጋር የተለጠፈች፣ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ የማይለያት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ያረጀ ሽፋን ገፍፋ ስፖንጁን ስታነሳ ከሥሩ የማይወጣ ነገር የለም፤ የፀጉር ማስያዣ፣ የማታውቀው አገር ሳንቲም፣ የባሕር ዳርቻ አሸዋ። አሸዋውን ጠርጋ ከመድፋቷ በፊት በጣቷ ታሸው ነበር። «ይሄ ሰውዬ የት ነው የከረመው?» ትላለች ለራሷ። እሷ ከተማዋን ለቅቃ የወጣችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ለለቅሶ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ አንድ መስመር ብቻ ነድቷል፤ ከገበያው ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ ገበያው። ዝምተኛ ነው። «እዚያ ቤት የሚናገር አንድ ሰው ይበቃል» ይላሉ ጎረቤቶቻቸው።

አንድ ቀን ሹፌሩ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪውን ሁሉ አራገፈና አደባባዩን መዞር እጁ እምቢ አለው። ቀጥ ብሎ ነዳ። ቤቶቹ አለቁ፣ አስፋልቱም አለቀ። አንድ ኮረብታ አናት ላይ ቆሞ ወዲያ ማዶ የሚወርደውን መንገድ ሲያይ ቆየና ተመለሰ። አለቃው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስታቀፈው። ለሚስቱ ሲነግራት እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ለምን ተመለስክ?» አለችው።

የቀለደች መስሎት ቀና አለ። አልቀለደችም።

«አንቺን ትቼ የት ልሂድ?»

«እኔንም ጭነህ ነዋ!»

እንዲህ ተጀመረ። ልጃቸው ተድራ ወጥታለች፤ ቤቱ ሰፍቷቸዋል፤ ጉልበታቸው ገና አልከዳቸውም። በወራት ውስጥ ቤቱ ተሸጠ፤ ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ተገዛ። መርፌ ወንበሮቹን ነቃቅላ አልጋ አበጀች፤ መጋረጃ ሰፋች፤ የስፌት መኪናዋን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ በብሎን አሰረች። ለጠየቃት ሁሉ «ሁለት መኪና ነው ያለን፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይሰፋል» ትላለች።

ነገሩ ታላቅ ወንድሟ ጆሮ ሲደርስ ግን ቀልድ ቀረ። ወንድሟ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት፣ የዳራትም እሱ ነው፤ ስለዚህ «ጋሼ» ሲቆጣ መስማት እንጂ መልስ መስጠት አልለመደችም። ቤተ ዘመዱን ሳሎኑ ሰብስቦ አስጠራቸው።

«ሰው በእናንተ ዕድሜ ይሰበሰባል እንጂ ይበተናል?» አለ። «ምን ጎደለሽ? ማን በደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝ ጋሼ። ማንም አልበደለኝ።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ነው?»

«ማየት። እንዲሁ ማየት።»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። የባሏ አክስት ሻሻቸውን እያስተካከሉ «ቴሌቪዥን የለም እንዴ ልጄ?» አሉ። የገዛ ልጇ እንኳ ከጥግ ሆና «ለባሌ ቤተሰቦች ምን ልበላቸው እማዬ? እናትና አባቴ መኪና ውስጥ ነው የሚያድሩት ልበል?» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷን ስታይ የመርፌ ሆድ ባባ። ሆኖም ተነሳች።

«አዎ፣ እንደዛ በያቸው። ጨምሪበትና፣ አብደውም አይደለም፣ ተርበውም አይደለም በያቸው። ጋሼ፣ ስታሳድገኝ ደፋር አድርገህ ነው ያሳደግከኝ፤ አሁን ምነው ደነገጥክ?»

ወንድሟ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ሰርቪሱ የሚቆመው እሱ ግቢ ነበር። ሊሄዱ በተነሱበት ጠዋት ሹፌሩ ቁልፉን ቢያዞር መኪናው ትንፍሽ አላለም። ኮፈኑን ከፈተ፤ ባትሪው የለም።

«ሌባ ገብቶ ነው» አለ ወንድሟ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከእነሱ አሽሽቶ። ሳሎኑ ውስጥ እንግዶች ነበሩት።

መርፌ በእንግዶቹ መሃል አልፋ መኝታ ቤት ገባች። ጋሼ የሚደብቀውን ሁሉ የት እንደሚደብቅ ከልጅነቷ ታውቃለች። የአልጋውን ልብስ ገለጥ አደረገችና ባትሪውን ከሥር ጎትታ አወጣችው። እስከ ሳሎኑ መሃል ተሸክማው መጥታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ «ምነው ጋሼ፣ ተኝተህ ቻርጅ ታደርጋለህ እንዴ?» አለችው። አንዱ እንግዳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሻዩን ሸሚዙ ላይ ደፋው። የወንድሟ ፊት ቀላ። ባትሪው ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ ደህና ሁኑ ሳይላቸው ገብቶ በሩን ዘጋ። መርፌ እስከ ከተማው ዳር ድረስ ስትስቅ ሄደች፤ ከከተማው ዳር በኋላ አለቀሰች።

ዓለም እጇን ዘርግታ አልተቀበለቻቸውም። ገና ሁለተኛው ድንበር ላይ ካምቢዮው ተሰብሮ ማርሽ አልገባ አለ። የጭነት መኪኖች የሚያድሩበት አቧራማ ሜዳ ላይ፣ ቋንቋ በማይገባቸው ሰዎች መሃል፣ መለዋወጫ እየጠበቁ ቀሩ። ሹፌሩ ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ «ወንድምሽ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም» አለ።

«እውነቱን ከሆነ አንተ ተመለስ። አውቶቡስ ከዚህም ይሄዳል። እኔ ግን ካምቢዮ ተሰበረ ብዬ አልመለስም!»

እሱ ግን አልተነሳም። እሷ የስፌት መኪናዋን ፈትታ በጥላው በኩል አወጣችና ከሜዳው የከባድ መኪና ሹፌሮች ለአንዱ የተቦጫጨቀ ወንበሩን በጣቷ አሳየችው። ሰውዬው ሳቀ፤ ከዚያ ወንበሩን ነቅሎ አመጣ። በጣት አቧራው ላይ እየሳሉ ተግባቡ። ሥራው ሲያልቅ ሰውዬው ተቀምጦ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ፤ ጓደኞቹንም ጠራ። ካምቢዮው እስኪገጠም ድረስ መርፌ ቀና የምትልበት ጊዜ አጣች። ሹፌሩም ስፖንጅ ቆራጭ ሆነ። የመመለስ ነገር ዳግመኛ ከአፉ አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያመጣውን ተቀበሉ። ውሃ ጀሪካን ውስጥ በረዶ የሚሆንበት ተራራ ላይ ተቃቅፈው አደሩ። እሷ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ያ ዝምተኛ ሰው ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረገ፣ የድሮ መስመሩን ፌርማታዎች ስም በተራ እየጠራ አስተኛት። ባሕር የደረሱ ዕለት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወርዳ አሸዋውን በሁለት እጇ ዘገነች። «ይሄን እኮ ስንት ጊዜ ጠርጌ ደፍቼዋለሁ!» ብላ ጮኸች።

በአራተኛው ዓመት ልጃቸው ልትወልድ ስትቀርብ ተመለሱ። መርፌ ልጇን አረሰች፤ የልጅ ልጇን አቀፈች፤ አጠበች፤ አስተኛች። ሰፈሩ «አሁንስ ጠገባችሁ?» እያለ መጣ። ወንድሟም መጣ። ሸምግሏል። ወደ ጋራዡ ይዟት ሄደና የድሮ ሱቋን ከፈተላት። ተከራይቶ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቶታል፤ የመቁረጫ ጠረጴዛ አስገብቷል።

«በቃ፣ ያየሽውን አየሽ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ግቢ።»

መርፌ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠረጴዛውን ዳሰሰች። ጥሩ እንጨት ነው። ይህን ሰው ትወደዋለች።

«ለሌላ ሰፊ አከራየው ጋሼ። እኔ ገና አልጨረስኩም።»

«ኧረ እንዳንቺ ያለ ደንቆሮ!» ብሎ ጥሏት ሄደ። ማታ ልጇ ቤት መጥቶ ስሞታ ሲጀምር፣ ያች በእናቷ ታፍር የነበረች ልጅ ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች «ጋሼ፣ ተዋት። እናቴ ናት እንጂ የቤት ዕቃ አይደለችም» አለችው። መርፌ ጓዳ ሆና ሰማች።

ልጇ ጠንክራ በእግሯ ስትቆም ጉዞው ተነሳ። የልጇ ጎረቤት ሁሉ ገና ሳይነጋ ሊሸኝ ወጣ፤ ወንድሟ ብቻ አልወጣም። ሰርቪሱ ወንድሟ ደጃፍ ሲደርስ መርፌ «ቁም» አለች። መጋረጃው ዝግ ነው።

«ጡሩምባውን ንፋው።»

«ሰው ይተኛል እኮ» አለ ሹፌሩ።

«ንፋው አልኩህ!»

ነፋው። ውሾች ጮኹ፤ መስኮቶች ተከፈቱ። በመጨረሻ ወንድሟ በፒጃማና በነጠላ ጫማ ብቅ አለ፤ እየተሳደበ ነው። «ሰፈሩን አወካችሁት! እናንተ ባለጌዎች! እስቲ ጎማውን እዩት፣ የኋላው ጎማ ነፋስ ጎድሎታል! እንደዚህ ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?»

«መንገድ ላይ እናስሞላለን!» አለችው በመስኮት ተንጠልጥላ፣ እየሳቀች። ሹፌሩ ማርሽ አስገባ። ወንድሟ እጁን እያወናጨፈ፣ አሁንም እየተሳደበ፣ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ከኋላቸው መጣ።