ከለንቋጣ የሠራሁት ደጋን

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። አንዲት ልጅ እንጨት ቆርጣ ደጋን ሠራች፣ የአጎቷን ልጅ ተበቀለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። የተገደለ ሰው የለም፣ የተወሰደ መሬትም የለም። ደግሞም በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥሩ ሰው ሆኜ አልታይም። እኔ መምህር ሲጠይቅ ቀድሜ እጄን የማወጣ፣ ጎረቤት ሲልከኝ ሮጬ የምሄድ ልጅ ነኝ፤ ሰው እንዲወደኝ እፈልጋለሁ። ቢሆንም ከጻፍኩት አይቀር እንደነበረው ልጻፈው።

ቤታችን ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከጓሯችን ማሽላ፣ ከማሽላው ወዲያ ቦርከና ወንዝ ነው። አባቴ ሲሞት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ ከእጁ ያልለየው የወይራ ዱላ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ቀረ፤ እናቴ ዓርብ ዓርብ ቅቤ ትቀባዋለች።

አርባው እንዳለፈ የአጎቴ ልጅ መጣ። በዕድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ቁጭም ሳይል «ዱላውን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ። «ወንድ በሌለበት ቤት ዱላ ምን ይሠራል? እናንተ ልትይዙት ነው?»

እኔ እንደ ልማዴ ተነሥቼ ዱላውን በሁለት እጄ አቀበልኩት። ለዚያ ነገር ራሴን እስከ ዛሬ አፉ አላልኩም።

በዓመቱ ቅቤ እንድሰጥ ተልኬ እነሱ ቤት ሄድኩ። ጥጃቸው የታሰረችበት ችካል ዓይኔን ያዘው። አባቴ በመዳፉ አሽቶ አሽቶ ያለሰለሰው የዱላው ራስ በእበት ተለውሶ መሬት ላይ ተተክሏል። የአጎቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት «ይህ ዱላ አይሰበርም» ብለውት በዛፍ መንታ ቅርንጫፍ መሀል አስገብቶ ሰብሮት ኖሯል።

«ለምን?» አልኩት።

«ዱላ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ደግሞስ የማን ነው? ባለቤት የለው።»

ቅቤውን ሰጥቼ፣ ደኅና ዋሉ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ከዱላው በላይ «ባለቤት የለው» ያለው ነገር አንገበገበኝ። ያንን ቃል ሰው ፊት እንደማስመልሰው ለራሴ ማልኩ።

በእኛ አካባቢ ማሽላው ታጭዶ ጠባቂዎች ከማማ ሲወርዱ አንድ ጨዋታ አለ። ግንድ ላይ ቅል ይሰቀላል። ግሪሳ ሲጠብቅ የከረመ ሁሉ ዱላውን ፊቱ ያስቀምጥና በገዛ እጁ በሠራው መሣሪያ ቅሉን ይመታል። ያሸነፈ ከተቀመጡት ዱላዎች የፈለገውን ያነሣል፤ ዱላው የእሱ ነው፣ የፈለገውን ያደርገዋል። እንደ ልማዱ ግን ሳምንት ይዞት ይዞርና ቅቤ ቀብቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ በወንጭፍ ያሸነፈው የአጎቴ ልጅ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ምደባ ስጠብቅ ማማ ላይ የምወጣው እኔ ሆንኩ። ወንጭፍ አይሆንልኝም፤ ድንጋዩ ወደ ኋላዬ ነው የሚሄደው። ስልክ ላይ ግን ሰዎች ከአንድ እንጨት ቁመታቸውን የሚያህል ደጋን ሲሠሩ አይቼ ነበር። ጨዋታው «በገዛ እጁ በሠራው» ይላል እንጂ «በወንጭፍ» አይልም።

ጨፋ ሮቢት ገበያ ዱላ የሚሸጡ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ሄጄ ለደጋን የሚሆን እንጨት ጠየቅኳቸው።

«ደጋን ለምንሽ ነው?»

«ለግሪሳ ነው፣ አባ።»

«አዑዙ ቢላህ! ግሪሳን አንድ በአንድ ልትወጊው? ስንት ሺህ ቀስት ልትሠሪ ነው?»

ስቀው ሲጨርሱ እውነቱን ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም፣ አላበረታቱኝምም። «ወይራ አትቁረጪ» አሉኝ ብቻ። «ወይራ ኩሩ ነው፣ ከሚጎብጥ መሰበር ይመርጣል። ለንቋጣ ቁረጪ፤ እሱ ይጎብጣል።»

መስከረም ማብቂያ ላይ ከወንዙ ዳር የእጄን አንጓ ያህል የሚወፍሩ፣ ቁመቴን የሚያክሉ ሁለት ለንቋጣዎች በምሳር ቆረጥኩ። አንዱን ማድ ቤት ጣሪያ ሥር አጋደምኩት። ሌላውን ለማድረቅ ትዕግሥት አልነበረኝም። አባቴ ዱላ ሲሠራ አይቻለሁና የማውቀውን አደረግሁ፦ ላጥኩት፣ እሳት ላይ እያገላበጥኩ አቀናሁት፣ ጉጦቹን ጠርቤ ዙሪያውን እኩል አለሰለስኩት፣ ቅቤ ቀባሁት። ማሻአላህ የሚያሰኝ ሆነ። ሲባጎ አስሬ እስከ አገጬ ስስበው ጯ ብሎ መሀል ለመሀል ተሰበረና ከንፈሬን ሰነጠቀኝ።

ስብራቱን ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው። ጣታቸውን በተሰነጠቀው ላይ አስኬዱና ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዱላ ነው የሠራሽው። ዱላ ዙሪያው አንድ ነው። ደጋን ግን ጀርባ አለው፣ ሆድ አለው። ከልጣጩ ሥር ያለው የውጭው ሥጋ ነው ጀርባው፤ የሚለጠጠው እሱ ነው። ምላጭ ካስነካሽው፣ ጉጡን ካስተካከልሽ፣ እዚያው ይቆረጣል። የምትፍቂው ሆዱን፣ ወደ አንቺ የሚዞረውን፣ ብቻ ነው። ደግሞ እርጥብ ነበር።»

«ሌላው እስኪደርቅ ስንት ጊዜ ልጠብቅ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? የተናደድሽው አንቺ ነሽ።»

ሁለት ወር ጠበቅኩ። ቀን ቀን ማማ ላይ ሆኜ ጣሳ እየመታሁ ግሪሳ አባርራለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ከማዶ ማማው «እህቴ፣ ወፎቹ ተማሪ መሆንሽን ሰምተዋል፣ ፈተና ሊፈትኑሽ ነው የመጡት!» እያለ ይጮኻል። እኔም እስቅለታለሁ። መሳቄ ጠቀመኝ፤ ምንም አልጠረጠረም።

ኅዳር ላይ እንጨቱን አወረድኩት። በጣቴ ሳንኳኳው ይጮኻል። ልጣጩን በጥፍሬ አነሣሁና ጀርባውን እንዳለ ተውኩት፤ ጉጦቹም እንደተቋጠሩ ቀሩ። ሆዱን መጀመሪያ በቢላ፣ ኋላ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩት። መሀሉን ከማማው ቋሚ ጋር አስሬ ገመዱን ቁልቁል ስስበው አንደኛው ክንድ ይታጠፋል፣ ሌላው ግግም ይላል። የገገመውን ትንሽ እፍቃለሁ፣ እንደገና እስባለሁ። አንዴ ብዙ ከተፋቀ መመለሻ የለውም። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም፤ ደብተሬን እንኳ። ከጠርሙሱ ሥር እንደ ዱቄት የሚወርደውን ፍቅፋቂ እያየሁ የማስበው ስለ አባቴ ነበር ብል ደስ ባለኝ። የማስበው የአጎቴ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል ነበር።

ቀስቶቹን ከቦርከና ሸምበቆ ሠራሁ፤ ጫፋቸው ላይ ምስማር፣ ጭራቸው ላይ የዶሮ ላባ። ገለባ የሞላሁት ማዳበሪያ አቁሜ በከሰል ፂም ሣልኩለትና ጣቴ እስኪላጥ ወጋሁት።

ታኅሣሥ ላይ ጠባቂዎቹ ተሰበሰቡ። ቅሉ አርባ እርምጃ ላይ ተሰቀለ። የአጎቴ ልጅ ለሰርጉ ያሠራውን፣ አንገቱ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ አዲስ የወይራ ዱላ አስቀመጠ።

«አንቺስ ምን ታስቀምጫለሽ?» አለኝ። «ሻሽሽን?»

«ደጋኑን።»

«ይሄ ጉጣም? ለማገዶ እንኳ የሚያነሣው የለም!»

እሱ ከሦስት ሁለቱን መታ። የእኔ የመጀመሪያው ቀስት ከግንዱ በላይ አለፈ። አንዱ «ኧረ ወፏም አልደነገጠችም!» ብሎ አሳቃቸው። ሁለተኛው ቅሉ ውስጥ ጠቅ ብሎ ቀረ። ሦስተኛውም። እኩል ስለሆንን አሥር እርምጃ አራቁትና አንድ አንድ ተፈቀደልን። የእሱ ድንጋይ ግንዱን መታ። እኔ «ቢስሚላህ» ብዬ ሳብኩ፤ ቅሉ ለሁለት ተከፍሎ ወረደ።

ማንም አልሳቀም። ሄጄ የመዳብ ሽቦውን ዱላ አነሣሁ። ጉልበቴ ላይ ልሰብረው ሞከርኩ፣ አልሆነም። ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሜ ረገጥኩት፣ አነጠረኝ። አንዱ ሊያፍን ሲል ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ምሳር ፈልጌ ስመጣ ቀልዱ ቆመ።

«እህቴ» አለ የአጎቴ ልጅ። «ለሰርጌ ነው። ወር አልቀረውም።»

«ዱላ ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«ኧረ አላህን ፍሪ!» አለኝ ከጠባቂዎቹ አንዱ።

በሦስተኛው ምት ተቆረጠ። ፊቱ ሳስበው ከከረምኩት ይበልጥ ነበር። ደስ አለኝ፤ ይህን መዋሸት አልችልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጎቴ ቤት ሰላምታ አቋረጠን። እናቴ «ጥሩ አይደለም የሠራሽው» አለችኝና፣ እራት ላይ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ዘመድ ተኳርፎ ሰርግ አይደገስምና ሰርጉ ሲቃረብ ሦስት ሽማግሌዎች የአጎቴን ልጅ ይዘው መጡ። ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ታላቁ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አፉ ተባባሉ። አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ።»

በዕድሜዬ ለሽማግሌ እምቢ ብዬ አላውቅም። «እሺ፣ አባ» አልኩ። «መጀመሪያ ግን የሰበረው ዱላ የማን እንደነበር ይናገር።»

እናቴ ቀና አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የአጎቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ መሬት «የአባትሽ ነበር» አለ።

«አልሰማሁም።»

«የአባትሽ ነበር! ከእሱ በኋላ የአንቺ ነበር። ወላሂ፣ ያንቺ ነበር!»

የመጀመሪያውንም ሰምቼው ነበር። «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት። ነገሩ ያበቃው ያን ዕለት ነው፤ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.።