የልምምድ ቃለ መጠይቅ፣ ኮምቦልቻ

ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ከካሜራው ኋላ ቆሟል። ሥራ አስኪያጃችን በመስኮቱ በኩል ናቸው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው። የእርዳታ እህል ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የመንግሥት ሰው ከበሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ባልደረቦቼ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መሀል ላይ ሁለት ወንበሮች አሉ። በአንደኛው ከኩታበር በኩል ያመጣኋቸው እናት ተቀምጠዋል፤ እኔ ከጎናቸው ቆሜአለሁ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ደሴ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ ነበርኩ። ጋዜጠኞች መመላለስ ስላበዙ፣ ከጋዜጠኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ተማሩ ተብለን ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰበሰቡን። ከትምህርቱ ሁሉ አጥብቀው የነገሩን አንድ ነገር ነው፤ የሚናገሩት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው። እኛ ማይክሮፎን ሲቀርብልን «ኃላፊውን ጠይቁ» ብለን ዝም ማለት ነበረብን።

በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙ እውነተኛ ተረጂ ለልምምድ ፈለገ። እንዳመጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እኚህ እናት ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ቤታቸውን ስለማውቅ ሄጄ ለመንኳቸው። ልምምድ ነው፣ ምንም አያስከትልም አልኳቸው። አምነውኝ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል አብረን ወረድን።

የሆቴሉ ጫጫታ እንዳይገባ በሩ ተቆለፈ፣ መጋረጃውም ተሳበ። ማራገቢያው ድምፅ ያበላሻል ተብሎ ጠፋ። ደጋ የለመደ ሰው በዚያ ሙቀት ትንፋሽ ያጥረዋል። አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ ጤንነታቸውን ጠየቃቸው፤ ቀጥሎም ቤታቸው እህል እንዳለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» አሉ። «ምንም የጎደለን የለም። እናንተስ? መንገዱ አላደከማችሁም?»

አሠልጣኙ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ እሳቸውም እንደ እንግዳ ተቀበሉት። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ለማያውቀው እንግዳ ጓዳዬ ባዶ ነው አይልም። ይህን እዚያ የነበርን ሁሉ እናውቃለን። የመጋዘን ሠራተኛችን እንኳ የጫነውን ስንዴ ይመልሰው እንደሆነ በሹክሹክታ ጠይቆ ጥቂት ሰው አሳቀ።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው የመንግሥት ሰው አልሳቀም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያድለው እህል ለጠያቂው ሁሉ ስለማይበቃ ምክንያት ይፈልጋል። ምንም አልጎደለኝም ያለ ሰው ስንዴ ምን ያደርግለታል፣ በካሜራ የተናገሩት ቃል ነው፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ድርሻቸው ለሌላ ይዙር አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሥራ አስኪያጃችን አዩኝና ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ዝም በይ ማለታቸው ነው።

አሠልጣኙ ነገሩ የተበላሸ መሰለው። እኔን ስለሚያውቁ እኔ እንድጠይቃቸው አዘዘና ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። ተቀመጥኩ። ጉልበታችን ሊነካካ ጥቂት ቀረው።

«እናቴ፣ ልጆቹ ዛሬ ምን በልተው ዋሉ?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንቺ ታውቂው የለም እንዴ፣ ልጄ? ምን በይ ትይኛለሽ? አልሐምዱሊላህ ነው።»

የበሩ ሰው ይኸው ደገሙት አለ።

ዝም ብል እህሉ ይቀርባቸዋል። ብናገር ለሥራዬ ያሰጋኛል፤ ከሥራዬም በላይ እኚህን ሴት በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት መግለጥ ይሆናል። እሳቸው ራሳቸው እንዲናገሩ ደግሜ ብጠይቃቸው ደግሞ የባሰ ማስለመን ነው። ካሜራው አልጠፋም። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል።

ፊቴን ወደ በሩ ሰው መለስኩ።

«ይሄ ለእንግዳ የሚባል ነው» አልኩት። «ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ገብቻለሁ። እህል የሚባል የለም። ልጆቹ ሳማ ተቀቅሎላቸው ሲበሉ ነው ያገኘኋቸው።»

ከግድግዳው በኩል አንድ ሰው ሳል ጀመረና ተወው።

«እንግዲያው መዝገቡ ላይ ይቆዩ» አለ የበሩ ሰው። «እርስዎ ግን ይህን እንዲናገሩ ማን ፈቀደልዎ?»

መልሱን ከእኔ አልጠበቀም፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። እሳቸውም ማንም እንዳልፈቀደልኝ ተናገሩ፤ ከሥልጠናው በኋላ ቢሯቸው እንድቀርብም አዘዙኝ።

እናትየው ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። ያሉትን የሰማሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ልጄ፣ ጓዳዬን እኮ ላንቺ ነበር የከፈትኩት።»

ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ብዘረጋ አልያዙትም። በሩ ተከፈተላቸውና ወጡ። ማይክሮፎኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ቦርሳዬን ይዤ ተከትያቸው ወጣሁ።